የቮልስ ማኅበራችን ታሪክ፣ ከቃለ ጉባኤው

የቮልስ ባለንብረቶች ማኅበራችንን የመሠረተው መካኒኩ ነው፤ እሱ ግን አያውቅም። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «ቅዳሜ ይምጡ፣ ትደርሳለች» ይላል። ቅዳሜ ሲሆን ጋራዡ በር ላይ ጡረተኛው፣ መምህሩና ሻለቃው የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ተደርድረዋል፤ ቮልሶቹ እንደ ተፈቱ ናቸው። መጀመሪያ ስለ ሞተሩ ፑንቲና ይወራል፣ ቀጥሎ ስለ ጡረታ ጭማሪ፣ ከዚያ ቡና ይታዘዛል። የኛ ሰው ደግሞ ሁለት ቅዳሜ አብሮ ቡና ከጠጣ በሦስተኛው ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ መምረጡ አይቀርም። እኔ ጸሐፊ ሆንኩ። የምነዳው ቮልስ የለኝም፤ የአባቴ ግን ግቢያችን ውስጥ አራት ብሎኬት ላይ ቆማለች፣ ያም ለአባልነት በቂ ሆኖ ተገኘ። እንዲያውም ከአባላቱ ገሚሱ ያለው መኪና ሳይሆን ሊብሬ ነው።

የመጀመሪያው አጀንዳ ማኅተም ነበር። ደንብ ሳይኖር፣ ስም ሳይወጣ ማኅተም። ለጋራ መለዋወጫ የተዋጣው ብር ወደ ማኅተም ቀራጭ ሄደ፤ ቀራጩም መሐሉ ላይ ቮልስ ቅረጽ ቢባል ዔሊ ሠርቶ አመጣ። ይመለስ፣ አይመለስ ሲባል ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ «ፍጥነታቸው ያው ነው» ተብሎ ጸደቀ።

ቀጥሎ የታሪክ መግቢያ ይጻፍ ተባለ። መምህሩ «ከሥሩ ካልተጀመረ ታሪክ አይባልም» ብለው ከዐፄ ምኒልክ ተነሡ፤ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ በ1900 ዓ.ም. ሲድሊ የተባለችውን መኪና ከጅቡቲ አዲስ አበባ እንዴት እንዳደረሳት በሰፊው ተረኩ። ከዚያ ጀርመን ተሻገሩ። ማኅበራችን የተጠቀሰው በመጨረሻው ገጽ፣ «ስለሆነም» ከሚለው ቀጥሎ ነው።

ዋናው ጠብ የመጣው ማን አባል ይሁን ሲባል ነው። መምህሩ ዓለም አቀፉ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን 30 ዓመት የሞላትን መኪና ጥንታዊ እንደሚላት አስረዱ። ሻለቃው ብድግ ብለው «በዚህ ሒሳብማ የከተማው ላዳ ሁሉ ሊገባ ነው!» አሉ። እውነታቸውን ነው። ፈረንጅ አገር አሮጌ መኪና የሚወድ ሰው ሌላ አዲስ መኪና አለው፤ አሮጌዋን ፀሐይ ስትወጣ እሑድ እሑድ ያንሸራሽራታል። እኛ ዘንድ ልጅ ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ጤፍ ወፍጮ ቤት የምትወስደው፣ ሙሽራ የምታጅበው ያቺው አሮጌዋ ናት። ክርክሩ ሳያልቅ እዚያው ጋራዥ ተራ ይጠብቅ የነበረ የቶዮታ ዲኤክስ ባለቤት ሰምቶ ማመልከቻ ጻፈ። ስለዚህ ዕድሜ ቀርቶ አንቀጽ 4 ተረቀቀ፦ «አባል የምትሆን መኪና ሞተሯ ከኋላ የሆነና ውሃ የማትጠጣ ትሁን።» ቮልስን የሚያቀዘቅዛት አየር ነዋ። ዲኤክሷ ወደቀች። በሳምንቱ ግን አንድ ሰው ሴይቼንቶ ይዘው መጡ። ለካ የፊያት 600 ሞተርም ከኋላ ነው! ኮሚቴው ተደናግጦ ኮፈኑን አስከፈተ፤ ራዲያተር ተገኘ፤ «ውሃ ትጠጣለች» ተብለው ተመለሱ። ሰውየው ሄደው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። አባሉ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ማኅተም ግን አላቸው።

የንጉሡ ነገር ደግሞ አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ያወጣቸው በቮልስ ነው። ሮልስ ሮይስ የለመዱት ንጉሥ የፊት ወንበር ታጥፎላቸው ወደ ኋላ ገቡ፤ የዘውዱ ዘመን ባለሁለት በር መኪና ውስጥ አለቀ። ያቺ ቮልስ ታዲያ ዛሬ የት ናት? እኛ ማኅበር ውስጥ ሦስት ቦታ ናት። ሦስት አባላት «የኔዋ ናት» ይላሉ፤ ሊሸጡ ዋጋ ሲጠየቁም የንጉሡን መቀመጫ ለብቻው ነው የሚያሰሉት። አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአንዷ ሊብሬ ሲታይ በፈረንጅ 1976 ሞዴል ይላል፣ ማለትም ንጉሡ ከወረዱ ሁለት ዓመት ቆይታ የተሠራች። ባለቤቷ ሳይደነግጡ «ሊብሬው ላይ ነው ስሕተቱ» አሉ። ኮሚቴው አንድነታችን እንዳይናጋ ሲል ሦስቱም የንጉሡ ናቸው ብሎ ወሰነ። ይህን ጊዜ ገንዘብ ያዧ፣ ከባለቤታቸው የወረሷትን ቮልስ አንድ ቀን እንኳ ነድተው የማያውቁት፣ መዋጮ ግን አንድ ወር እንኳ ያላሳለፉት እትዬ፣ እጃቸውን አወጡ፦ «ይሁን። ግን ንጉሥ የጫነችም ትከፍላለች።»

የቢሾፍቱው ጉዞ ታላቁ ሥራችን ነው። የጉዞ ደንቡን ከእድር ነው የቀዳነው፦ የአንዱ መኪና ከቆመች ሁሉም ይቆማል፣ አልፎ የሄደ ይቀጣል። ደንቡ ሲጸድቅ ሁሉም አጨበጨበ፤ ትርጉሙ የገባን መንገድ ላይ ነው። የአንዱ የፍሪሲዮን ገመድ ሲበጠስ ቆምን፤ እሱ ሲጠገን የሌላው ካንዴላ ጠቆረ፤ ሲጸዳ የሦስተኛው ሞተሪኖ እምቢ አለ። የሻለቃው በፈረንጅ የ1958 ሞዴል ናት፤ የነዳጅ መለኪያ የላትም፣ በዘመኑ አይገጠምላትም ነበር። እሳቸው የተመተረ ሸንበቆ ታንከሩ ውስጥ ነክረው ይለካሉ፤ «ዛሬ በቤንዚን ዋጋ ላይ መለኪያ መጨመር ደም ግፊት ማስነሣት ነው» ይላሉ። ባትሪዋም 6 ቮልት ስለሆነች መብራቷ ለመንገድ ሳይሆን ለጸሎት የሚሆን ነው፤ በዚህ ምክንያት ማኅበሩ ከመሸ አይጓዝም። ዱከም ስንደርስ ቀኑ አጋምሷል፣ ጥሬ ሥጋውም ተሰቅሎ ይታያል። ቢሾፍቱን ሳናይ በልተን ተመለስን። ቃለ ጉባኤው ላይ «ጉዞው ዱከም ላይ ግቡን መትቷል» ብዬ ጽፌያለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን በአብዛኛው የመለዋወጫ ታሪክ ነው። ከ21 ሚሊዮን በላይ ቮልስ ተሠርታ፣ የመጨረሻዋ በፈረንጅ 2003 ሜክሲኮ ፑዌብላ ከፋብሪካ ወጥታ፣ የኛ ሊቀመንበር አንዲት የግራ ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) ሶማሌ ተራን አስሰው አጡ። ችግሩ ጠባያችንንም ለወጠው። አባል ታሞ ስንጠይቅ «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ካልን በኋላ ዓይናችን በመስኮት ወደ ግቢው ይሄዳል። ሕመምተኛውም ያውቃሉ። አንዱ እንዲያውም ለጠያቂ በር ከመክፈታቸው በፊት መኪናዋን ሸራ አልብሰዋት ነበር።

መንግሥት በ2012 አሮጌ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ኤክሳይዝ ታክስ ሲጥል እኛን አልነካንም፤ የኛዎቹ ከገቡ ቆይተዋል። በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል አይገባም ሲባል ግን ሻለቃው «ከዛሬ ጀምሮ አገሪቱ ውስጥ ያለች የቤንዚን መኪና ሁሉ ቅርስ ናት» ብለው አወጁ። በሳምንቱ የቪትዝ ልጆች ጋራዡ በር ላይ ተሰለፉ። ሞተራቸው ፊት ነው፤ በአንቀጽ 4 ተመለሱ።

ያልጠበቅነው ከላይ መጣ። ሊቀመንበሩ አንድ ቅዳሜ ድምፅ በሌላት መኪና ከተፍ አሉ፤ ማንም ሲመጡ አልሰማም። የቻይና አይዲ 4 ገዝተዋል፣ በቻርጅ የምትሠራ። አስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ፣ ከሥልጣን ይውረዱ ተባለ። እሳቸው ደንቡን ገለጡ። «ስሟን አንብቡ፤ ቮልስዋገን ናት። ሞተሯ የት ነው? ከኋላ።» መምህሩ ጎንበስ ብለው አዩ፤ እውነት ነው። ሻለቃው እንኳ ዝም አሉ። ድምፅ ሊሰጥ ሲል ገንዘብ ያዧ መነጽራቸውን አስተካከሉ።

«ውሃስ ትጠጣለች?»

ሊቀመንበሩ ባትሪው በፈሳሽ እንደሚቀዘቅዝ ያውቁ ኖሯል፤ ጉሮሯቸውን ጠርገው «ትንሽ» አሉ።

ነገሩ እንዴት እንደ ወጣ አላውቅም፤ በማግሥቱ የሴይቼንቶው ሰውዬ በማኅተም የተደገፈ ይግባኝ አስገቡ።