ታታሪ፣ ቅንና ቤተሰባቸውን ወዳድ

አያቴ ያረፉ ቀን ማታ ደጀን ገባሁ። አልቅሼ ሳልጨርስ አጎቴ ክንዴን ይዞ ወደ ጓዳ ወሰደኝ።

«አንተ የተማርክ ነህ፣ የሕይወት ታሪካቸውን ጻፍ» አለኝ። «ነገ ከፍትሐቱ በኋላ ይነበባል። ከአንድ ገጽ እንዳይበልጥ። ሰማዩ ከብዷል።»

ብዙ የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሰምቻለሁ። እናንተም ሰምታችኋል። በዚህ አገር ሰነፍ ሰው ሞቶ አያውቅም። የሚሞተው ሁሉ ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪና ቤተሰቡን ወዳድ ነው። ሰነፎቹ እንግዲህ በሕይወት ያለነው ነን ማለት ነው። ታዲያ የእውነት ታታሪ የሆነ ሰው ሲሞት ምን ይባላል? ቃሉን ሌሎች ጨርሰውታል።

እንደ ደንቡ ጀመርኩ። «ከአባታቸው ከእገሌ፣ ከእናታቸው ከእገሊት፣ በቀድሞው ጎጃም ጠቅላይ ግዛት…» እስከዚህ ማንም አልተቃወመም። «በ… ዓ.ም ተወለዱ» ላይ ስደርስ ለቅሶው ቆሞ ክርክር ተነሣ።

መታወቂያቸው 1935 ይላል። ይህ ቁጥር ከየት መጣ ካላችሁ፣ የቀበሌው ጸሐፊ «አባባ፣ መቼ ተወለዱ?» ሲላቸው «አንተ መቼ ትለኛለህ?» ብለው ስለመለሱለት ነው። ልጁ የመሰለውን ጻፈ። ትልቁ አጎቴ ግን አልተዋጠለትም። በ1960 የጎጃም ገበሬ በግብር ምክንያት ሲነሣ አባባ የሦስት ልጆች አባት ነበሩ፣ እሱ ራሱ ምስክር ነው። እማማ ከመደቡ ላይ ሆነው ሁሉንም አፈረሱት። «ጣሊያን በ33 ሲወጣ ጥጃ ይጠብቅ ነበር» አሉ። «አንዱን ጅብ በላበትና አባቱ ገረፉት። እሱ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ከ79 እስከ 93 ባለው መካከል ተደራደርን። በመጨረሻ በድምፅ ብልጫ 90 ዓመት ሆኑ። ሙሉ ቁጥር ነው፣ ለሚያነበውም አይከብድም።

ቀጥዬ «በግብርና ሥራ ተሰማርተው» ብዬ ጻፍኩ። መልሼ ሳነበው አፈርኩ። የሚሰማራው ከብት ነው። አባባ ከብቱን አሰማርተው ወደ እርሻ ይሄዳሉ እንጂ ራሳቸው ተሰማርተው አያውቁም። ሰረዝኩት።

የአባባ ትልቁ ጠላት ቀን መቁጠሪያው ነበር። በ5 አቦ፣ በ7 ሥላሴ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 ባለወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሳይቆጠር። በእነዚህ ቀኖች በሬ አይጠመድም። አባባ በዓል ያከብራሉ፣ እጃቸው ግን አያከብርም። ስለዚህ ሥራ የማይባል ሥራ ሲፈልጉ ኖሩ። በአቦ ምራን ያለሰልሳሉ። ቆዳ ማሸት ሥራ አይደለም። በሚካኤል አጥር ይጠጋግናሉ። የወደቀ ማንሣት ጽድቅ ነው። አንድ የማርያም ዕለት የንስሐ አባታቸው ሞፈር ሲጠርቡ ደረሱባቸው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«ኧረ አልሠራሁም አባ። ይኼ እንጨት ጠማማ ሆኖ ዓይኔን አስቸግሮኝ ነው።»

አርባ ስግደት ታዘዘባቸው። አርባውንም ሰገዱ። ሲነሡ ወገባቸውን ያዝ አድርገው «ጥሩ አፍታታኝ፣ ለነገው እርሻ ይበጃል» አሉ። ቄሱ ከዚያ ወዲህ ስግደት ትተው ጸሎት ብቻ ማዘዝ ጀመሩ።

እኔ አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምውለው። አንዴ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ።

«ቆመህ ነው ተቀምጠህ?»

«ተቀምጬ ነው አባባ።»

«ከጠዋት እስከ ማታ?»

«አዎ።»

ዝም አሉ። ማታ ግን ለእማማ ሲያንሾካሹኩ ሰማኋቸው። «ልጁ ታሟል፣ ደብቆን ነው።» በሳምንቱ በአውቶቡስ አንድ ቅል ቅቤ መጣልኝ።

ስለ አውቶቡሱ ካነሣሁ አይቀር፣ «ቤተሰባቸውን ወዳድ» የሚለው ነገር መጻፍ የነበረበት እዚህ ላይ ነው። አባባ እወዳችኋለሁ ሲሉ የሰማ የለም። ቢሉ ኖሮ ጸበል እንወስዳቸው ነበር። በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ጤፉ ተወቅቶ ሲገባ፣ አዲስ አበባ ላለን የልጅ ልጆች ለየራሳችን አንድ አንድ ማዳበሪያ ይጭኑልናል። ደጀን መናኸሪያ ድረስ በአህያ ያመጡና የአውቶቡሱን ረዳት ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ ያገባ እንደሆነና ቆርቦ እንደሆነ ይጠይቁታል። ከዚያ አውቶቡሱ ዓባይ በረሃን ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ጎሃ ጽዮን ወጥቶ ከመድረሱ በፊት ይደውላሉ።

«ከላይ አንድ በርበሬ አስቀምጫለሁ። እሷን ካጣህ ማዳበሪያው ተከፍቷል ማለት ነው።»

አንድ ዓመት በርበሬዋን አጣኋት። ነገርኳቸው። ረዳቱን በሚቀጥለው ጉዞው መናኸሪያ ጠብቀው ያዙት። ልጁ እየማለ እየተገዘተ አለቀሰ። ኋላ ጤፉ ሲያልቅ በርበሬዋ ከማዳበሪያው ሥር ተገኘች። ማዳበሪያው ተገልብጦ ተጭኖ ኖሯል። አባባ ለዚያ ረዳት የሠርጉ ዕለት በግ ይዘውለት ሄዱ። «በሐሰት ጠርጥሬዋለሁ፣ ዕዳ አለብኝ» ብለው ነው። በጉ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ከሲታ ነበር።

ስልካቸውም እንዲሁ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁላችንንም በተራ ይደውሉልናል። ለአንድ ሰው የተመደበው ጊዜ ከአሥር ሰከንድ አይበልጥም።

«ወንድምዓለም፣ አለህ?»

«አለሁ አባባ፣ እርስዎ ደህ…»

«ዝናብ አለ?»

«አለ።»

«በል።» ተዘጋ።

እማማ «ምን አለ?» ይሏቸዋል። «አለ» ይላሉ አባባ፣ ወደሚቀጥለው እየደወሉ። አንድ እሑድ ስልኬን ዘግቼ ተኝቼ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ቁምጣቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «አለህ አይደል?» አሉ። ቡና እንኳን ሳይጠጡ ሊመለሱ ነበር። በሬዎቹን አደራ ሰጥተው ነው የመጡት።

የመሬቱን ነገርም ጽፌ ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 መሬት ለአራሹ ሲታወጅ አባባ የገበሬ ማኅበሩ ኮሚቴ ውስጥ ገቡ። በዚህ ጦስ በ1989 መሬት እንደገና ሲደለደል፣ በደርግ ጊዜ ሹም ነበሩ ተብለው «ቢሮክራሲ» ከተባሉት ጋር ተደመሩ። ቢሮ የሚባል ነገር የረገጡት ግብር ሲከፍሉ ብቻ ነው። አራት ጥማድ ቀረላቸው፣ አንድ ሄክታር መሆኑ ነው። አባባ ምንም አላሉም። ለጤፍ አምስት ጊዜ ያርሱት የነበረውን መሬት ስድስት ጊዜ ማረስ ጀመሩ። አክስቴ ይህን ስታነብ እስክሪብቶውን ነጠቀችኝ። «ፖለቲካ ነው፣ ይቅር» አለች። ቀረ።

የመጨረሻው መስመር የሁሉም ሟች ነው፦ «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው»። አባባ ጤና ጣቢያ የሄዱት አንድ ቀን ነው። ተራቸው እስኪደርስ የጣቢያውን አጥር ሲጠጋግኑ ዋሉ። አጥሩ ሲያልቅ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። «ተሻለኝ» አሉ። ቢሆንም ጻፍኩት። ሳይታከሙ ሞቱ ከተባለ ልጆቻቸው ይወቀሳሉ።

በማግስቱ ነፋሱ ወረቀቱን እያርገበገበው አነበብኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ታታሪ፣ ቅን፣ ሰው አክባሪ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ። ባለፈው ወር የተቀበረው የጎረቤታችን የሕይወት ታሪክም ቃል በቃል ይኸው ነበር። እሱ ሰውዬ ደግሞ በሬ ጠምዶ እንደማያውቅ አገር ያውቃል።

ለአርባቸው የአጎቴ ልጅ ደብረ ማርቆስ ወርዶ ፎቷቸው ያለበት ጥቁር ቲሸርት አሳትሞ መጣ። አባባ ያላቸው ፎቶ የመታወቂያው ብቻ ነው። ያኔ ፎቶ አንሺው መጀመሪያ ዋጋውን ነገራቸው፣ ቀጥሎ «ፈገግ ይበሉ አባባ» አላቸው። ፎቶው ላይ ያለው ፊት ዋጋውን የሰማው ፊት ነው። ዓይናቸው ፈጥጦ፣ ቅንድባቸው ተሰብስቦ፣ «ማን ነው በሬ ሳይፈታ የተኛ?» የሚሉ ይመስላል። እሱ ነው እንግዲህ ጎልቶ በሠላሳ ሰው ደረት ላይ የተለጠፈው።

ድንኳኑ ውስጥ ተረጋግቶ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የትም ብትዞር አባባ ያዩሃል። ሁለተኛ ብርሌ ጠጅ ሊቀዳ የተነሣው ሰው ከአንዱ ደረት ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨና ብርሌውን አስቀምጦ ውኃ ሊቀዳ ሄደ። ከከተማ የመጡ ሦስት ጎረምሶች ማንም ሳያዛቸው እንጨት ሲፈልጡ አየሁ።

ጥቅምት ላይ እማማን ልጠይቅ ሄድኩ። ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላው ማሳ ማሽላው አሽቷል። ቁልቁል እያየሁ ስሄድ እግሬ ተሳሰረ። አባባ እጃቸውን ግራና ቀኝ ዘርግተው ማሽላው መሃል ቆመዋል። ፊታቸው ያው ነው፣ ዋጋውን የሰማው ፊት። ጭንቅላታቸው ላይ አሮጌ ቅል ተደፍቷል።

እማማ ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡ። «አዲስ ጨርቅ ሣጥን ውስጥ ብል ሲበላው ደስ አይለውም ብዬ ነው» አሉ።

«ዝንጀሮውስ እማማ?»

«አንድ ትልቅ ወንድ ዝንጀሮ መንጋውን አስከትሎ እስከ ማሳው ዳር መጥቶ ነበር። አየው። ተመለሰ።»