የሚበሰብሰው የችግኝ ኩባያ ለምን ሳይበሰብስ ይቀራል?

አገር ቤት ችግኝ የሚያፈላ ሰው ጥቁሩን የፕላስቲክ ከረጢት ሳይቀድ አይተክልም። ካልተቀደደ ሥሩ እዚያው እየተጠማዘዘ እንደሚቀር ያውቃል። ውጭ አገር ግን «ከነኩባያው ይተከላል» የሚለው ጽሑፍ ይታመናል፤ ከፒት (በረግረግ ውስጥ ከሚጠራቀም የዕፅዋት ቅሪት)፣ ከኮኮናት ቃጫ ወይም ከወረቀት የተሠራው ኩባያ እንዳለ ይቀበራል። ከወር በኋላ የቀጨጨው ችግኝ ሲነቀል ኩባያው ቅርጹን እንደያዘ፣ ሥሩም ግድግዳውን ሳይበሳ ይገኛል።

ኩባያው የሚበሰብሰው እርጥበትና ሕይወት ያለው አፈር ሲያገኝ ነው። ፒት አንዴ ከደረቀ በቀላሉ ውሃ አይቀበልም፤ ሥሩን እንደ ግንብ ያግደዋል። ይባስ ብሎ ከአፈር በላይ የቀረች የአንድ ሴንቲ ሜትር ጠርዝ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ከሥሩ እየሳበች ለነፋስ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ኩባያው ከመተከሉ በፊት ግድግዳው እስኪለሰልስ ውሃ ውስጥ ይቀመጥ፤ ጠርዙ ይቀደድ፤ ታቹ ሁለት ሦስት ቦታ ይሰንጠቅ፤ ሙሉ በሙሉ ተቀብሮ ወዲያው ውሃ ይጠጣ። ከረጢቱን የሚቀድ እጅ እዚህም ሥራ አለው።

ፕላስቲክ መሳዩ «የሚበሰብስ» ኩባያ ግን አይቀበር። አብዛኛው እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚደርስ የፋብሪካ ብስባሽ ክምር ይፈልጋል፤ የጓሮ አፈር ያን ያህል አይሞቅም።

ፒት በረግረግ ውስጥ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ የሚጠራቀም ነው። ያን ቆፍሮ ለአራት ሳምንት ችግኝ ማዋል በጣም ያሳዝናል፤ በተለይ ጋዜጣ ያንኑ ሥራ እየሠራ። አሥራ አምስት ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቁራጭ አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጠርሙስ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠቀለላል፤ ከጠርሙሱ ታች የተረፈው አምስት ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ተጭኖ መቀመጫ ይሆናል። የሚያብረቀርቅ የመጽሔት ወረቀት ይቅር። አፈሩ እስከ አፉ ይሞላ፤ ጎዶሎ ከሆነ ጠርዙ ይደርቃል።

እንዲህ ያለ ድካም የሚገባው ሥሮቻቸው እንዲነኩ ለማይወዱት ለዱባ፣ ለዝኩኒ፣ ለኪያርና ለሐብሐብ ነው። ቲማቲምና ጎመን ከመደብ ተነቅለውም ይጸድቃሉ።

ግድግዳው ስለሚተነፍስ ኩባያው ከፕላስቲክ ቶሎ ይደርቃል፤ በየቀኑ መታየት አለበት። ውሃ ሲበዛ ደግሞ ነጭ ሻጋታ ያወጣል። ሻጋታው ችግኙን እምብዛም አይጎዳም፤ ውሃ መቀነስና ኩባያዎቹን ማራራቅ ይበቃል። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ከሆነ ወረቀቱን የሚያበሰብሱት ጥቃቅን ተሕዋስያን ናይትሮጅኑን ተሻምተውት ሊሆን ስለሚችል ቀጠን ያለ የብስባሽ ውሃ ይሰጠው።

ነጭ ሥር በግድግዳው ብቅ ሲል የመትከያው ጊዜ ደርሷል። ከዚያ ከዘገየ ሥሩ ወደ ጎረቤት ኩባያ ይገባና ሲለያዩ ይበጠሳል።