ጃጊርን ማዘዋወር ሙጋሎችን አጸና ወይስ አፈረሰ?

ሕንድን ይገዛ በነበረው በሙጋል መንግሥት የሹም ደመወዙ ብዙ ጊዜ ጃጊር ነበር፤ በእኛ አገር ቃል ጉልት ልንለው እንችላለን፤ የሚሰጠው መሬቱ ሳይሆን ግብሩ ነው። ልዩነቱ፣ ሹሙ በየ3 ወይም 4 ዓመቱ ከጃጊሩ ተነሥቶ ሌላ ይሰጠዋል። ሁለት ተከራካሪዎች እዚህ ላይ ይለያያሉ (ዓመታቱ በፈረንጆች ናቸው)።

ደጋፊ፦ ከሙጋሎች በፊት ዴልሂን የገዙትን አፍጋኖቹን ሎዲዎች ይመልከቱ። የአፍጋን መኳንንት ግዛታቸውን እንደ ርስት ቆጠሩት። የፑንጃቡ ገዥ ዳውላት ኻን ከሎዲው ሱልጣን ኢብራሂም ጋር ሲጣላ የሙጋሎችን መሥራች ባቡርን ከካቡል ጠራ፤ በ1526 ኢብራሂም ፓኒፓት ላይ ወደቀ። የሚዘዋወር ሹም ግን ሸፍቶ የሚገባበት የራሱ አገር የለውም።

ተቃዋሚ፦ በ3ኛው ዓመት የሚነሣ ሹም የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍረው ለማን ብሎ ነው? በሙጋሉ ንጉሥ በአውራንግዜብ ዘመን ሕንድ የነበረው ፈረንሳዊው ሐኪም በርኒየር ሹሙም ገበሬውም መሬቱን ችላ የሚሉት በዚህ የተነሣ ነው ይላል።

ደጋፊ፦ በርኒየር ያየው ሹሙን ነው። የአገሬው ባላባት ዛሚንዳሩና መዝገብ ያዡ ቃኑንጎ አይነሡም፤ ሥራቸውን ልጅ ከአባቱ ይወርሳል። በ1580 የንጉሥ አክባር የገንዘብ ሹም ራጃ ቶዳር ማል የ10 ዓመት ምርትና ዋጋ አማካይ አውጥቶ ግብሩን በጥሬ ገንዘብ ቆረጠ፤ የምርቱ ሲሶ ገደማ። ሹሙ ከዚያ ቢያልፍ መዝገቡ ይመሰክርበታል።

ተቃዋሚ፦ በሽታው ያለው መዝገቡ ላይ ነዋ! የተገመተው ገቢ ጀማ፣ እጅ የሚገባው ሃሲል ይባላል፤ ሁለቱ አይገጥሙም። በአውራንግዜብ አባት በሻህ ጃሃን ጊዜ የግምቱን ግማሽ የሚያስገባ ጃጊር «የ6 ወር» ተባለ። ሹሙ በጃጊሩ ገቢ ሊያቀርብ የሚገባው ፈረሰኛም አብሮ ቀለጠ፦ በወረቀት 3,000 ፈረሰኛ ያለበት ሹም፣ ጃጊሩ በሚያገለግልበት ክፍለ ሀገር ከሆነ 1,000፣ ከሌላ ከሆነ 750፣ ከሕንድ ውጭ በሰሜን ላለችው ለባልኽ ዘመቻ ደግሞ 600 ያቀርባል። የደቡቡ የደካን መንግሥታት፣ በ1686 ቢጃፑር፣ በ1687 ጎልኮንዳ ሲያዙ የተሸነፉት መኳንንት ማዕረግ አገኙ፤ ደህና ደህናውን መሬት ግን አውራንግዜብ ለጦር ወጪ ለዘውዱ አስቀረ። ዓመታት ጠብቆ ጃጊር የደረሰው ሹም ሳይነሣ የባከነውን ሁሉ ማካካስ ይፈልጋል፤ ግብሩን አስቀድሞ ለሚከፍለው ኮንትራት ይሰጣል፤ ኮንትራት የያዘውም ገበሬውን ይጨምቃል።

ደጋፊ፦ መሬት ያነሰው ንጉሡ ደካን ላይ 25 ዓመት ስለተዋጋ እንጂ ሹም ስለተዘዋወረ አይደለም። ማዘዋወሩ ሲላላ ምን ሆነ? የሙጋል ሹማምንቱ ሙርሺድ ቁሊ ኻን ቤንጋልን፣ ኒዛም አል ሙልክ በ1724 ሃይደራባድን የቤተሰባቸው አደረጉ።

ተቃዋሚ፦ ሙርሺድ ቁሊ በ1727 እስኪሞት ድረስ የቤንጋልን ግብር ለዴልሂ መላኩን አላቋረጠም። ይህን አመፅ ይሉታል?