ሦስቱን ሰዓት አራት አታድርጉብን

ከፍራንክፈርት ስቶክሆልም ቢበዛ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ባለፈው ግን ከበረራው የጥበቃው በለጠብን። ሰሌዳው መጀመሪያ ሠላሳ ደቂቃ አለ፣ ከዚያ አርባ አምስት፣ ከዚያ ዝም። አጠገቤ አንዲት እናት ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል፤ ለልጅ ልጃቸው የክርስትና ድግስ ነው የሚሄዱት። «ልጄ፣ ምን አሉ?» ይሉኛል በየአሥር ደቂቃው። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ስቶክሆልም ደርሰን የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ ዘግይተናል። እንግዳው ተበትኗል። የተሰጠን የምግብ ኩፖን ብቻ ነው፣ ስለ ካሳ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም።

ካሳ ግን አለ። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ 261/2004 መሠረት እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር በሆነ በረራ 3 ሰዓት ዘግይታችሁ ከደረሳችሁ 250 ዩሮ ይገባችኋል፣ ቲኬቱን በ40 ዩሮ ብትገዙትም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ጎማው መሬት ሲነካ ሳይሆን በር ሲከፈት ነው። ማዕበል ወይም የአየር ትራፊክ ቁጥጥር ችግር ከሆነ ካሳ አይከፈልም፣ ምግቡና ማደሪያው ግን አይቀርም። «የቴክኒክ ብልሽት ነው» ሲሏችሁ ዝም ብላችሁ አትመለሱ፣ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ተራ ብልሽትን እንደ ሰበብ አይቀበልም።

ሦስት ሰዓት የሚለው ደንቡ ላይ አልተጻፈም፣ በ2009 ይኸው ፍርድ ቤት የፈረደው ነው። አሁን እሱን ሊነኩት ነው። በጁን 2025 የአባል አገራቱ ሚኒስትሮች ለአጭር በረራ ሦስቱ ሰዓት አራት ይሁን፣ ካሳውም ወደ 300 ዩሮ ይደግ ብለው ተስማሙ። ሃምሳዋ ዩሮ አታታልለን። በዚህ ስሌት የእኛ በረራ ሳንቲም አያስገኝም።

አየር መንገዶቹ ሰዓቱ ከተራዘመልን በረራ ከመሰረዝ ሌላ አውሮፕላን እናመጣለን ይላሉ። እኔ አልቀበለውም። በአጭር መንገድ አንድ አውሮፕላን በቀን አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳል፣ ጠዋት የጠፋች ግማሽ ሰዓት ስትንከባለል ማታ ላይ ሁለት ሦስት ሰዓት ትሆናለች። ይህን ፕሮግራም ያወጡት እነሱ ናቸው። መሬት ላይ ትንሽ ትርፍ ሰዓት እንዲተዉ የሚያስገድዳቸው ደግሞ ካሳው ነው፣ እሱን ካላላነው የሚጠብቀው ተሳፋሪው ነው። (ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን የመጀመሪያ በረራ ያዙ።)

ለእኛ ለሐበሾች ደግሞ አጭሩ በረራ ብዙ ጊዜ ወደ አዲስ አበባ የምንሄድበት ጉዞ መጀመሪያ ነው። ለቅሶ ሊደርስ የሚሮጥ ሰው አለ። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተያዙ አየር መንገዱ በሌላ በረራ አዲስ አበባ የማድረስ ግዴታ አለበት፣ ካሳውም የሚሰላው እስከ አዲስ አበባ ባለው ርቀት ስለሆነ እስከ 600 ዩሮ ይደርሳል። ለጥቂት ዩሮ ቅናሽ ብላችሁ ለየብቻ ከገዛችሁት ግን፣ አንደኛው ዘግይቶ ሁለተኛው ሲያመልጣችሁ አዲስ ቲኬት ከኪሳችሁ ነው። እባካችሁ ይህን ለወላጆቻችሁ ቲኬት ስትቆርጡ አስቡበት።

እኚያ እናት የመሳፈሪያ ወረቀታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረውት ነበር። ሻንጣ እየጠበቅን ፎቶ አነሳሁት፣ የካሳ መጠየቂያ ቅጹንም እዚያው በስልኬ ሞላሁላቸው። ገንዘቡ በሰባተኛው ሳምንት ገባ። ለሕፃኑ የአንገት መስቀል ገዙበት።