ለተረከዝ ምርመራ የቀረበ ውዳሴ

ወደ ጅሬን በሚወጣው ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠሩ የጅማ ወገኖቻችን የደረሱበትን የምርምር ደረጃ ዓለም እስካሁን አለማወቁ ያሳዝናል። ኮረብታው በእስካቫተር ከግርጌው ተቆርጦ ቀዩ አፈር ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ፣ ባለቤቱና ፎርማኑ መሬቱን ሁለት ጊዜ በተረከዝ መትተው «ይሄማ አለት ነው» ይላሉ፤ ምርመራውም በዚሁ ይዘጋል። ሥራው በየካቲት መካሄዱ ደግሞ የጥበባቸው ማሳያ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቶ በሚከብድበትና በሚላላበት በነሐሴ ማን ሞኝ ይመረምራል?

አሜሪካዊው መሐንዲስ ኒውማርክ ይህ ጸጋ አልተሰጠውም። እ.ኤ.አ. በ1965 ለንደን ላይ ባቀረበው ትምህርት፣ የሚናደውን አፈር በዘቅዛቃ ወለል ላይ እንደተቀመጠ ግትር ብሎክ ቆጥሮ፣ የመሬት መንቀጥቀጡ ንዝረት ብሎኩ ሊቋቋመው ከሚችለው ወሰን ባለፈ ቁጥር ብሎኩ ጥቂት በጥቂት እየተንሸራተተ የሚርቀውን ርቀት ሲያሰላ ደከመ። ከእርሱ በፊት የነበሩትም የአፈሩን ክብደት በአንድ ቁጥር አባዝተው በመንቀጥቀጡ ፈንታ ወደ ጎን የሚገፋ ኃይል ያደርጉና፣ አፈሩን የሚይዘው ኃይል ለሚያንሸራትተው ሲካፈል ውጤቱ ከ1 እንዳያንስ ይጨነቁ ነበር። ለዚህ ሁሉ ጉድጓድ መቆፈር፣ ናሙና ማውጣት፣ የከርሰ ምድር ውሃውን ከፍታ መለካት ያስፈልጋል። ተረከዝ ናሙና አይጠይቅም፤ ክፍያም የለውም።

«ጅማ የመሬት መንቀጥቀጥ አያውቃትም» የሚለው ሙግትም አድናቆት ይገባዋል። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. ከሆሳዕና አካባቢ ተነሥቶ እዚህ ድረስ የተሰማው መንቀጥቀጥ አድራሻ ተሳስቶ መሆን አለበት።

ጠርጣሮች የድጋፍ ግንብ ያሠራሉ፤ እነርሱንም አናሳንሳቸው። የግንቡ ውበት እንዳይጎድል የውሃ ማስወጫ ቀዳዳ አይተዉለትም፤ በመሆኑም ከኋላው የታቆረው ውሃ ግንቡን ክረምቱን ሙሉ ሲገፋ ይከርምና፣ ምድር የተንቀጠቀጠች ዕለት የሚቀርላት ሥራ ጥቂት ይሆናል። እንዲህ ያለ የሥራ ክፍፍል በየትኛውም መሥሪያ ቤት አይገኝም።

ከሁሉ የሚልቀው ግን ጉርብትናው ነው። የተዳፋት ግርጌ ሲቆረጥ የላይኛውን አፈር ደግፎ የያዘው ክብደት አብሮ ይነሣል፤ ሆኖም ከላይ ያሉት አባወራ ቤታቸውን የተሸከመው አፈር በገልባጭ መኪና ተጭኖ ሲሄድ ቡና አፍልተው ሠራተኞቹን ይመርቃሉ። ምርቃቱ እንዳለቀም የእስካቫተሩን ነጂ ወደ ጎን ጠርተው ዋጋ ይነጋገራሉ፤ ከእርሳቸው በላይም ገና ያልተቆረጠ ኮረብታ አለና።