የመልቀቂያ ቅጹ ላይ ቪፒኤንም ይስፈር

አዲስ አበባ መሀል ካሉ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሠራ ሰው ሥራ ሲለቅ ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ክሊራንሱን (የመልቀቂያ ቅጹን) ይዞ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ ሰው ሀብት ይመላለሳል። ካልኩሌተሩና የመሳቢያው ቁልፍ ሳይቀር ይጠየቃል። ፊርማው ካልተሟላ የሥራ ልምድ ደብዳቤ አይሰጠውም። እቤቱ ተቀምጦ የመሥሪያ ቤቱን ሰርቨር የሚከፍትበት የቪፒኤን አካውንት ግን እኔ ባየኋቸው ቅጾች ላይ ቦታ የለውም። ሰውየው ይሄዳል፤ አካውንቱ ይቀራል።

ጉዳዩ ተራ የአሠራር ግድፈት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የድርጅቶቻችን ኔትወርክ በዋናነት የሚጋለጠው በዚህ በኩል ነው ብዬ አምናለሁ። ቪፒኤን ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በየካቲት 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ሲታገዱ ስልኩ ላይ የጫነው አፕ ነው። የድርጅት ቪፒኤን ሥራው ሌላ ነው። ሜክሲኮ አካባቢ ያለውን ዋና መሥሪያ ቤት መርካቶ ካለው ቅርንጫፍ ጋር በተመሰጠረ መስመር ያገናኛል፤ መስክ የወጣ ሠራተኛም ቢሮው ውስጥ እንደተቀመጠ ሆኖ እንዲሠራ ያደርጋል። ስለዚህ ከኢንተርኔት ተነስቶ እስከ ሒሳብ መዝገቡ የሚዘልቅ መንገድ ነው። ምስጠራው ደግሞ በትክክለኛ ፓስወርድ የገባን ሁሉ እኩል ይሸፍናል፤ ሠራተኛውንም፣ የሠራተኛውን ፓስወርድ የሰረቀውንም።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሜሪካ ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 የሀገሪቱን ምሥራቃዊ ጠረፍ ነዳጅ ግማሽ ያህል የሚያደርሰው ኮሎኒያል ፓይፕላይን መስመሩን ለቀናት ዘጋ። ሰርጎ ገቦቹ የገቡት ማንም በማይጠቀምበት፣ ግን ባልተዘጋ አሮጌ የቪፒኤን አካውንት ነበር። ፓስወርዱ ቀድሞ ሾልከው ከወጡ ፓስወርዶች መሀል ተገኝቷል፤ ከፓስወርዱ ሌላ እንደ ስልክ ኮድ ያለ ሁለተኛ ማረጋገጫ አልነበረውም። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ ለሴኔቱ ሲያስረዱ ፓስወርዱ በቀላሉ የሚገመት እንዳልነበር ተናግረዋል። ልብ ማለት የሚገባን እዚህ ላይ ነው። ጠንካራ ፓስወርድ የተረሳ አካውንትን አላዳነም። ኩባንያው ፋይሎቹን ቆልፈው ገንዘብ ለጠየቁት ሰርጎ ገቦች ወደ 4.4 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ፤ ከፊሉን የአሜሪካ መንግሥት በኋላ አስመልሷል።

እኛ ዘንድ የሚያሳስበኝ የሚለቅ ሠራተኛ ብቻ አይደለም። ሲስተሙን የገጠመው ድርጅት ባለሙያ «ለድጋፍ» ተብሎ የተከፈተለት አካውንት ውሉ ካበቃ በኋላም ይሠራል። አንድ ክፍል በሙሉ በአንድ ስም የሚገባበት ቦታም አለ፤ እዚያ ችግር ሲፈጠር መዝገቡ የሚያሳየው ያንኑ የጋራ ስም ነው፣ ማን እንደገባ አይታወቅም። እነዚህን ለማስተካከል የውጭ ምንዛሪ አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱ አካውንት፣ ለእያንዳንዱ የውጭ ባለሙያ ማብቂያ ቀን፣ ለሁሉም ደግሞ ስልክ ላይ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ኮድ የሚሰጥ አፕ በቂ ነው። አፑ በነፃ ይገኛል፤ ኔትወርክ በሌለበትም ኮዱን ያወጣል።

ሁለተኛው ችግር ከግዢ ይጀምራል። ጨረታ ይወጣል፣ ፋየርዎሉ (ከኢንተርኔት የሚገባውን የሚቆጣጠርና ብዙ ጊዜ ቪፒኤኑንም የሚያስተናግድ መሣሪያ) ይገዛል፣ ርክክብ ይፈረማል፣ ከዚያ የሚያስታውሰው የለም። የሶፍትዌር ማሻሻያ የሚገኝበት የዓመት ክፍያ በዶላር ነው፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ የበጀት ክፍሉ «ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ» ቢል አይገርምም። መዘዙን ግን ፎርቲኔት በተባለው የፋየርዎል አምራች መሣሪያዎች ላይ ከደረሰው መረዳት ይቻላል። ኩባንያው ለአንድ ከባድ የቪፒኤን ክፍተት መድፈኛውን ያወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2021 በዚሁ ክፍተት ከ87,000 ገደማ መሣሪያዎች የተሰበሰቡ ፓስወርዶች ኢንተርኔት ላይ ተዘረገፉ። ማሻሻያውን ዘግይተው የጫኑትም ፓስወርዳቸውን እስካልቀየሩ ድረስ ተጋላጭ እንደሆኑ ኩባንያው ራሱ አሳስቧል። ስለዚህ የጨረታ ሰነዱ ላይ ከመሣሪያው ዋጋ ጎን የ3 ወይም የ5 ዓመት ማሻሻያ ዋጋ አብሮ ካልተጻፈ ግዢው ገና ከመነሻው ጎደሎ ነው።

ለዚህ አቅም የሌለው ድርጅት ሌላ አማራጭ አለው። ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ሶፍትዌር የላይሰንስ ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ከ2020 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በነፃ የሚገኘው የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አካል ነው፣ ኮዱም አጭር በመሆኑ ለመመርመር ይቀላል። ነገር ግን በራሱ ሠራተኛውን በሁለተኛ ኮድ አያረጋግጥም፤ የሚያውቀው ላፕቶፑ ላይ የሚቀመጠውን ዲጂታል ቁልፍ ብቻ ነው። የማን ላፕቶፕ የትኛውን ቁልፍ እንደያዘ የሚመዘግብ፣ ላፕቶፑ ሲጠፋም በዚያው ቀን የሚሰርዝ ሰው ያስፈልገዋል። ለላይሰንስ የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ሰው ደመወዝ ቢውል እመርጣለሁ።

ስለ ኔትወርኩ ዲዛይንም ጥቂት ልበል። ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ ቢሮ ለመቀየር የተገደዱ ድርጅቶች ነበሩ፤ በጥድፊያ ለሚዘረጋ ኔትወርክ ራውተሩን ከካርቶኑ እንደወጣ መሰካት ይቀናል። ሁለት ቅርንጫፎች ከፋብሪካ እንደመጣ 192.168.1.0 የሚለውን የአድራሻ ክልል (ለኮምፒውተሮቹ የሚታደሉ ቁጥሮች) ይዘው ሲገናኙ፣ የተላከው መረጃ ወደየትኛው እንደሚሄድ ራውተሩ መለየት አይችልም። ከመነሻው ለእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የማይደገም ክልል መስጠት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ከተገናኙ በኋላ መቀየር ግን ፕሪንተሩንም፣ ካሜራውንም፣ የሒሳብ ሶፍትዌሩንም መነካካት ይጠይቃል። መንገድ ሲቆፈር የፋይበር መስመር ሊቆረጥ ስለሚችል የሌላ ኦፕሬተር ሲም በመጠባበቂያነት መያዝ ጥሩ ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት የራሱ የኢንተርኔት አድራሻ ስለማይሰጥ ግንኙነቱን ከቅርንጫፉ በኩል እንዲጀመር ማድረግ ይገባል። ከሁሉም በላይ፣ በቪፒኤን የገባ ሰው ሁሉንም ሰርቨር እንዳያይ ይከፋፈል። የሒሳብ ሠራተኛ የካሜራ መቅጃውን የሚያይበት ምክንያት የለም።

«አይቲ ክፍላችን ሁለት ሰው ነው፣ ይህን ሁሉ ማን ይከታተል?» የሚል አስተዳዳሪ ይኖራል። እውነቱን ነው፤ እኔም ሸክሙ በአይቲ ላይ ብቻ እንዲወድቅ አልፈልግም። ማን እንደተቀጠረ፣ ማን እንደለቀቀ አስቀድሞ የሚያውቀው ሰው ሀብት ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ጥበቃን የሚጠይቀው ከድርጅቱ እንጂ ከቴክኒሻኑ አይደለም። ክሊራንሱ ላይ አንድ መስመር ትጨመር፦ «የቪፒኤን አካውንትና ቁልፍ ተሰርዟል»፣ ከጎኗም ቀንና የአይቲ ፊርማ። ሰው ሀብት ደግሞ በየሦስት ወሩ የሠራተኞችን ዝርዝር ለአይቲ ይላክ፤ አይቲ ከአካውንቶቹ ጋር ያመሳክር። ዝርዝሩ ላይ ስሙ የሌለ ሰው አካውንት ከተገኘ ያኔውኑ ይዘጋ፤ ጥያቄው ከተዘጋ በኋላ ይጠየቅ።