ጀርባ ሰጥቶ ሐይቅ ማድነቅ

የአዲስ አበባ ሰው የሐይቅ ፍቅሩ ሊመሰገን ይገባል። ታኅሣሥ 19 ለቅዱስ ገብርኤል ንግሥም ይሁን በተራ ቅዳሜ፣ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ሐዋሳ ይገባና ድካሙ ሳይወጣለት ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይወርዳል። ወርዶም ወዲያው ለሐይቁ ጀርባውን ይሰጣል። ምን ያድርግ? ስልኩ ያለው በፊቱ በኩል ነው።

ጉማሬ ሊያሳየው የወሰደው ጀልባ ነጂም ፎቶ አንሺነት ተጨምሮለታል። ጉማሬው ብቅ ብሎ፣ ጆሮውን አርገብግቦ ሲጠልቅ ነጂው ብቻ ያያል። ተሳፋሪው በዚያች ደቂቃ ፈገግታውን እያስተካከለ ነው።

ጠዋት አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ይኬዳል። ቆሮሶው ከጀልባ እንደወረደ ቆዳው ተገፎ፣ ጥሬውን በዳጣ ይቀርባል። (በዚህ ላይ ሽሙጥ የለኝም፤ ግሩም ነው።) እንግዳችን በገንዘብ አያያዝም አርአያ ነው። ሆቴሉ የጠየቀውን ሁሉ ቃል ሳይተነፍስ ከፍሎ ሲያበቃ፣ ኦቾሎኒ ከምትሸጠው ልጅ ጋር አምስት ብር ለማስቀነስ ሩብ ሰዓት ይሟገታል። ቁጠባ ማለት ይህ ነው።

ቸርነቱን ያቆየው ለጦጣዋ ነው። ብስኩት ከነላስቲኩ ይሰጣታል። እሷ ላስቲኩን በጥርሷ ቀድዳ፣ ብስኩቱን በጉንጯ ወትፋ ዛፍ ላይ ስትወጣ፣ ላስቲኩ በነፋስ ወደ ውሃው ያመራል። ባዶው የውሃ ፕላስቲክም ይከተላል፤ ይህኛው እንኳ ነፋስ አልጠበቀም፣ በእጅ ተወርውሯል። ስጦታው ደግሞ በከንቱ አይቀርም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል እንጂ ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ሌላው ውሃ የተጣለበትን ይዞ ቁልቁል ሲሄድ፣ ይህ ግን የተሰጠውን ለማንም አሳልፎ የማይሰጥ ታማኝ ባለአደራ ነው። የዛሬውን ፕላስቲክ የልጅ ልጅ መጥቶ ይረከበዋል።

የሚወቀሱ ካሉ አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ የሐይቁ ዳር ትልልቅ ወፎች ናቸው። የዓሣውን ሆድ ዕቃ ሲሻሙ ይውሉና ፕላስቲኩ ጋ ሲደርሱ ይለግማሉ።

በመልሱ ጉዞ መቂ ላይ ቆሞ የመኪናውን የኋላ ኮፈን ሽንኩርትና ቲማቲም ይሞላል። ቤት ሲደርስ እናቱ ሐይቁን ለማየት ጓጉተው መነጽራቸውን ያደርጋሉ። ስልኩን ተቀብለው ፎቶውን በጣታቸው ቢገፉ፣ ቢገፉ፣ የልጃቸው ትከሻ አላሳልፍ አላቸው።

«ኧረ ተወኝ ልጄ፣» አሉ፣ «ይልቅ ሽንኩርቱን አሳየኝ።»